የእሜቴ ማቃሰት

አንዳንድ አባባል ከሽማግሌ ሸንጎ የወጣ ይመስላል እንጂ የወጣው ከመኪና ሥር ነው። ደሴ ላይ ባልና ሚስት ሲታረቁ ሽማግሌ የሚጠቅሳት፣ ሹፌርና ነጋዴ ሲተራረቡ የሚወራወሯት አንዲት አጭር አባባል አለች። ብዙው ሰው ከጥንት የመጣች ይመስለዋል። መነሻዋ ግን ይመር የሚባል ሹፌርና በስተርጅና ማቃሰት የጀመረች የጭነት መኪናው ናቸው።

ይመር መኪናዋን «እሜቴ» ነበር የሚላት። ንብረትነቷ የእህል ነጋዴዋ የእትዬ ዘውድነሽ ነው፤ ቢሆንም ይመር መሪዋን በጎረምሳነቱ ከያዘ ጀምሮ ጢሙ እስኪሸብት ድረስ ሌላ ሰው ነድቷት አያውቅም። ስለ መልኩም ስለ ጉልበቱም አይኩራራም፤ ስለ ጆሮው ሲሆን ግን ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ሌላው በዓይኑ ይነዳል፣ እኔ በጆሮዬ» ይላል። እውነቱን ነበር። የላላ ብሎን ሌላው ሹፌር ሲወድቅበት ነው የሚያውቀው፤ ይመር ገና መላላት ሲያስብ ይሰማዋል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሜቴ ከፊት በግራ በኩል ማቃሰት ጀመረች። ጎርባጣ ስትረግጥ «ቋ» ትላለች፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ በሽተኛ በአልጋው ላይ ሲገላበጥ እንደሚያሰማው ያለ ረዥም ድምፅ ታወጣለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስትይዝማ መሪው በእጁ ላይ ወደ ግራ ሸርተት ይላል። ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በአንድ ወገኑ ተራራ፣ በሌላው ገደል። እዚያ ላይ መሪ የከዳው ሹፌር ታሪኩን የሚያወራለት ሌላ ሰው ነው።

ይመር ጊዜ አላጠፋም። ጭነቱን አራገፈ፣ እሜቴን ቦርከና ወንዝ ዳር አውርዶ ከላይም ከሥርም አጥቦ አብለጨለጫትና ወደ ጋሽ መኳንንት ጋራዥ ወሰዳት። እንዲህ ማድረግ በዚያን ጊዜ የሹፌር ወግ ነበር። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ገላውን ታጥቦ ንጹሕ ልብስ እንደሚለብስ ሁሉ፣ መኪናም ወደ ጋራዥ የምትገባው ታጥባና ቀልሏት ነው። ጭቃ የለበሰች መኪና ከነጭነቷ ይዞ የገባ ሹፌር እንግዳ ጠርቶ ቤቱን ያልጠረገ ሰው ተብሎ ይታማል።

ጋሽ መኳንንት በመኪና የፊት እግር ሥራ በከተማው የሚስተካከለው አልነበረም። እሜቴን በክሪክ አንሥቶ ጎማዋን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀ። ኩሽኔታውን እያሽከረከረ አዳመጠ። ያረጀውን ቡሽ ቀየረ፣ የደረቀውን ሁሉ ግሪስ አጠጣ። ከዚያ ግቢውን ሲዞርባት ጭጭ አለች። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይመር፣ ይቺ መኪና ካንተ የተሻለ ጤና አላት» አለው።

ይመር ደስ ብሎት ሄዶ ገብስ ጫነ። ሐረጎ ላይ እሜቴ እንደ ቀድሞዋ አቃሰተች። ተመለሰ፤ አራገፈ፣ አጠበ፣ ጋራዥ ገባ፤ ጭጭ። እንደገና ጫነ፣ አቃሰተች። እንደገና አጥቦ ወሰዳት፣ ጭጭ። ይህ ሲደጋገም የጋራዡ ሰው ድምፁን «የይመር ጂን» ብሎ ስም አወጣለት። አንዱ ጫቱን ቀነስ እንዲያደርግ መከረው፤ ሌላው ጆሮም እንደ ጥርስ ያረጃል አለ። ይኼኛው አንጀቱን አሳረረው። አመመኝ ቢል የሚያምነው ያጣ በሽተኛ ሆነ፤ ያውም በሽተኛዋ እሱ ሳይሆን እሜቴ ሆና።

ወሬው እትዬ ዘውድነሽ ዘንድ ደረሰ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ገብሱ ገበያ ሊያመልጠው ነው። አስጠርታው እንዲህ አለችው፦

«ይመር ወንድሜ፣ ሐሙስ ይጫናል። የገበያ ሴቶቹም ከጆንያው ላይ ይሳፈራሉ። ልብህ ከፈራ አልቀየምህም፤ ቁልፉን አስቀምጥልኝና ሌላ ሹፌር ልፈልግ።»

ይመር ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ጨበጠ። ቢያስቀምጠው እሜቴን ያጣል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌላ ሹፌር፣ የማይሰማው ሹፌር፣ እነዚያን ሴቶች ይዞ ሐረጎን ይወርዳል። ጆሮው እንዳልዋሸው ልቡ ያውቃል። እንደሚነዳ ነግሯት ወጣ።

ሐሙስ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። እሜቴ እስከ አፍ ገደፏ ተጭናለች፤ የገበያ ሴቶቹ ከላይ ሆነው ይጫወታሉ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ረግረግ ላይ ጎማዋ ገባ አለና እሜቴ ከዚያ በፊት ያላወጣችውን ድምፅ አወጣች። መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። ይመር አቆመ። ትንሽ አሰበና ፊቷን ወደ ደሴ አዞራት። ሴቶቹ ገበያው ሊያልፈን ነው ብለው አጉረመረሙ፤ አንዷማ ስትሰድበው እናቱንም አላስቀረች። እሱ ግን አላራገፈም፣ አላጠበም። ከነጭቃዋ፣ ከነገብሷ፣ ከነሴቶቹ በከተማው መሀል አልፎ ጋራዡ በር ላይ ደረሰ።

በሩ አጠገብ አባ እብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ። የወለቀ የሚመልሱ፣ የተሰበረ የሚያስሩ፤ በሽተኞቻቸው አብዛኞቹ ከመናኸሪያው የሚመጡ ወዛደሮች ናቸው። የአንዱን ትከሻ እያሹ ቀና ብለው አዩት።

ጋሽ መኳንንት ደንግጦ ወጣ። «ምነው ይመር? ከነጭቃዋ? ከነጭነቷ?»

«ጋሼ፣ ነውሩን እኔ እወስዳለሁ። አንተ ብቻ ስማልኝ» አለና የበሩን ቦይ አሻገራት።

እሜቴ አቃሰተች። የጋራዡ ሰው ሁሉ የያዘውን እንደያዘ ቀረ። «የይመር ጂን» ያለውም ሰማ፣ ጆሮ ያረጃል ያለውም ሰማ።

ሴቶቹ ወረዱ። ጋሽ መኳንንት ለጎማዎቹ ታኮ አስደርጎ፣ ገላዋን ከሚሸከመው ከሻንሲው ሥርም ወፍራም ግንድ አስደግፎ ከሥር ገባ። ይመር መሪውን ግራና ቀኝ እንዲመልስ አዘዘው፤ እሱ መዳፉን በየመገጣጠሚያው ላይ እያሳረፈ ሄደ። «በቃ፣ አቁም!» የሚል ድምፅ ከሥር ተሰማ። የግራውን ባሌስትራ፣ ማለትም ሸክሙን የሚችለውን የተደራረበ ብረት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በጭነቱ ክብደት አፉን ከፍቷል፤ ከውስጡም ቀይ ዝገት በጭቃው ላይ እንደ እንባ ወርዷል። ሐረጎ ላይ ቢበጠስ ኖሮ እሜቴ ከነሴቶቹ ገደል ትገባ ነበር።

ጆንያው መራገፍ ጀመረ። ጋሽ መኳንንት ከሥር ሆኖ ሲያይ፣ ጆንያው በወረደ ቁጥር ስንጥቁ ቀስ በቀስ ይገጥም ነበር። የመጨረሻው ሲወርድ ጠጉር የማያስገባ ሆነ። ደጋግሞ እጁን ያሳረፈበት፣ ታጥቦ ሲያብለጨልጭ ጤነኛ ነው ብሎ ያለፈው ብረት ይኸው ነበር።

እትዬ ዘውድነሽ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ልትቆጣ ነበር የመጣችው። ይመር ማቀፊያው ሲፈታ ስንጥቁን አሳያት። ጣቷን አስኬደችበት፣ ሴቶቹን አየች፣ ይመርንም አየች። «ጆሮህን እግዜር ይባርከው» አለች፤ ስለ ቁልፉ ከዚያ ወዲህ አንሥታ አታውቅም።

አዲሱ ማቀፊያ እስኪታሰር ድረስ ጋሽ መኳንንትና ይመር ጥፋቱን ሲገፋፉ ቆዩ። ያኛው፣ አራግፈህ አጥበህ የምታመጣልኝ ምን ልፈልግልህ ነው ይላል። ይኼኛው፣ ከነጭነቷ አምጣት ብለኸኝ ታውቃለህ ወይ ይላል። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ስለዚህም ክርክሩ አላልቅ አለ።

አባ እብሬ የወዛደሩን ትከሻ ለቀቁና ሳቁ። «እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበርኩ» አሉ፤ «ወገቡን ያመመውን ወዛደር አስተኝቼ ስዳብስ ውዬ ምንም የለብህም ብዬ እሰደው ነበር፤ ኋላ ነው ጆንያውን አሸክሜ ማየት የተማርኩት። ሁለታችሁም ደኅና ሰዎች ናችሁ፤ ሥራችሁ ግን፣ ልጆቼ፣ ጭነቱን አራግፎ ሕመሙን ፍለጋ።»