የማይገለጠው ነጠላ

ዱሮ ነው፤ ወንዙ መንደሩን ሳይደፍር፣ መንደሩም ወንዙን ሳይፈራ። አማቴ እንደነገሩኝ፣ ሸምበቆ አፋፍ በምትባል መንደር ቢሰጥ የሚባል ነሐስ አቅላጭ ነበረ። ቃጭል ይሠራል፣ አምባር ይሠራል። የቤተ ክርስቲያኑን ደውል የሠራውም እሱ ነው። ደውሉን ይወዱታል፤ እሱን ግን ቡዳ ነው ይሉታል። ሲያልፍ ካዩ እናቶች የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቢሰጥም ወደ ግድግዳ ይዞራል።

አንድ ቀን የየሻረግ ልጅ ምናሉ፣ ገና ዳዴ የሚል፣ እየዳኸ ደጁ መጣ። እናቱ እየጮኸች ደርሳ ነጠላዋን ጣለችበት።

«ዓይንህን መልስ! ገና አልጠገብኩትም!»

«መልሻለሁ እኮ እቴ» አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። «የዚህን አገር ግድግዳ ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። የሻረግ አልሳቀችም። እኔም ብሆን አልስቅም ነበር፤ ልጅ ያላት ትፈራለች።

ከዚያ ክረምት ገባ። እናቶቹ አረም ሊያርሙ ወረዱ፣ ልጆቹን በነጠላ ሸፍነው ወንዙ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር አስተኙ። መንደሩ ላይ ፀሐይ ነው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ለካ ላይ ደጋው ላይ ዘንቧል። ወንዙ ግድግዳ ሆኖ መጣ። ወይ ጉድ! ዞር ሲሉ ጥላው አለ፣ ልጆቹ የሉም።

ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ይጮኻል። ቢሰጥ ከነልብሱ ገባ። ጠለቀ፣ ወጣ። ጠለቀ፣ ወጣ። በእጁ ነጠላ ይዟል። ባዶ ነጠላ።

«እሱ ነው የበላቸው!» አለ አንዱ። ጎጆውን አቃጠሉት። ቢሰጥ ግን አገር ጥሎ አልሄደም፤ አመዱ ላይ መልሶ ሠራ።

ዓመት ሆነ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። አንድ ቀን የሻረግ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ክው ብላ ቀረች። የልጇ ሳቅ ይሰማታል፤ ፊቱን ግን ብታስብ ብታስብ አጣችው። ሮጣ ቢሰጥ ደጅ ወደቀች።

«አያ ቢሰጥ፣ ልጄን በነሐስ ሥራልኝ። ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ሥራልኝ።»

ቢሰጥ ወናፉን አቆመ። ከዚያ፣ «የሻረግ እህቴ፣ የልጅሽን ፊት እኔ መቼ አየሁት?» አለ።

አፏን በእጇ ያዘች።

ሌሎቹም እናቶች መጡ። ነሐስ ከመፍሰሱ በፊት መልኩ በሰም ይሠራልና ቢሰጥ በሰም ፊት ሠራ።

«አፍንጫው ጎራዳ ነበር» ትላለች አንዷ።

«ኧረ የኔስ ግንባሩ ሰፊ ነው» ትላለች ሌላዋ።

ይሠራል። «የኔ አይደለም» ይሉታል። ያቀልጠዋል። እንደገና ይሠራል። «የኔ አይደለም።» ያቀልጠዋል። በመጨረሻ፣ «በቃ፣ ያየሁትን ልሥራ» አለ። እናቶቹም ለነሐሱ የክንዳቸውን አምባር አውልቀው ሰጡት።

የሠራውን ወንዙ ዳር አቆመው። ያየ ሁሉ ደነገጠ። የነሐስ ሴት ናት፣ ልጅ ታቅፋለች። የልጁ ትንሽ እግር ከነጣቶቹ ወጥቷል። ፊቱ ግን በነሐስ ነጠላ ተሸፍኗል።

የሻረግ ቀርባ የነጠላውን ጫፍ ያዘች። ሳበችው፤ እምቢ አለ። ሳበችው፤ እምቢ አለ።

«ግለጥልኝ!» ብላ ዞረች።

ቢሰጥ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

ሐውልቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሌላው ገላው ጠቁሯል፤ የነጠላው ጫፍ ብቻ ያበራል፣ በዚያ የምታልፍ እናት ሁሉ ስለምትስበው። ለዚህ ነው በአገራችን አራስ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ አቅላጮቹ የቢሰጥ የልጅ ልጆች ደጅ የምትሄደው። የልጇን ፊት ገልጣ፣ «እየው፣ ፊቱን በልብህ ያዝልኝ» ትላለች። ልጇን ከሰው የምትደብቅ ካለችም፣ «የሸፈንሽውን ነሐስ አይገልጠውም» ይሏታል።

እኔም ሰሞኑን ልጄን ታቅፌ ሄድኩ። አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር፤ ከደጁ ሁለቴ ተመለስኩ። ከዚያ ፊቱን ገለጥኩት። አቅላጩ ወናፉን አቁሞ፣ ልጄን አይቶ አይቶ፣ «ይዤዋለሁ» አለኝ።