ጃርት፣ ዝንጀሮና የአንበሳ ጋን

እስቲ የበረቱን በር ዝጉልኝ፣ ተረቴ እንዳያመልጥ። ዘጋችሁ? እንግዲያው ስሙ።

በድሮ ዘመን አንበሳ ልጁን ሊድር ተነሣ። ብዙ ወፍራም ብርዝ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ቅል አራት ጭልፋ ማር አለበት። ብዙ ቀጭን ብርዝም ነበረው፤ በእያንዳንዱ ቅል አንድ ጭልፋ ማር ብቻ። ጅብን፣ ዝንጀሮንና ጃርትን ጠራና አስራ ሁለት ቅል የሚይዝ ባዶ ጋን አሳያቸው።

«ሁለቱን ቀላቅላችሁ ሙሉልኝ። ለእያንዳንዱ ቅል ሁለት ሁለት ጭልፋ ማር ይድረሰው። ያበላሸ ቆዳው ለሰርጉ ከበሮ ነው!»

ጃርት ይህን ስትሰማ እሾኋ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆዳዋን ትወደዋለች።

መጀመሪያ ጅብ ገባ። «እኔ እየቀመስኩ ነው የምቀላቅለው» አለ። ቀዳ፣ ቀመሰ። ጨመረ፣ ቀመሰ። ጋኑ «ኧረ አንተ ሆዳም፣ በቅምሻ ጨረስከኝ!» ብሎ ጮኸ። ጅብ የጋኑን ባዶነት ሲያይ ፈረጠጠ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በቀን አይታይም።

ቀጥሎ ዝንጀሮ ጋቢውን እያስተካከለ ገባ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። አገር ያስታረቅኩት እኩል እያካፈልኩ ነው» አለና ስድስት ቅል ከወፍራሙ፣ ስድስት ቅል ከቀጭኑ ገለበጠ።

«ሃያ አራት ጭልፋ ማር ተባለ፤ አንተ ሠላሳ ጋትከኝ!» አለ ጋኑ።

«ዝም በል! ጋን ሽማግሌ አያርምም!»

አንበሳ ቀመሰና ተፋው። ብርዙ ተደፋ፣ ዝንጀሮም ከከበሮው እንጨት ጋር ታሰረ።

የጃርት ተራ ደረሰ። ወደ ጋኑ ጠጋ አለች።

«ከወፍራሙ ስንት ቅል ልጠጣ?» አላት ጋኑ።

«አላውቅም። ስለማላውቀው ስም ላውጣለት፤ እንግዳ ልበለው።»

ዝንጀሮ ታስሮም ሳቀ። «ያልታወቀ እንግዳ ልታስተናግድ ነው እኮ!»

«አንተ ቆዳህን ተሰናበት» አለችው ጃርት። «ጋኑ በቀጭኑ ብቻ ቢሞላ አስራ ሁለት ጭልፋ ማር ይኖረዋል፤ ሃያ አራት ለመድረስ አስራ ሁለት ይጎድላል። ከእንግዳው አንድ ቅል በቀጭኑ ቦታ በገባ ቁጥር፣ አንድ ጭልፋ ወጥቶ አራት ይገባል፤ ሦስት ይጨምራል። ጉድለቱን ስንት ቅል ይሞላዋል?»

«አራት!» አለ ጋኑ።

አራት ከወፍራሙ፣ ስምንት ከቀጭኑ ቀዳች። አንበሳ ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ፤ ጺሙንም ላሰ። ጃርት እሾኋን አጥፋ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተቀመጠች።

በሰርጉ ዕለት አዲሱ ከበሮ ሲደለቅ «እኩል እኩል! እኩል እኩል!» ይል ጀመር። ቆዳው ተገፎም፣ ተወጥሮም አልተማረም!

የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ስም ያወጣለት ይደርስበታል። ሳያውቅ እኩል ብሎ የሚፈርድ ግን ሲደለቅ ይኖራል።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። ብርዝ ቅዱልኝ፤ እኩል እኩል የሚል ሰው ግን እንዳይቀዳልኝ።