ሯጩና ቀስቃሹ

አንድ ሯጭ ነበረ። ከገጠር መጥቶ ከከተማው ዳር፣ ከጫካው ሥር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። እግሩ መልካም ነው፤ ብርድ ግን አይወድም። ልጄ፣ አንቺ ከጓደኛሽ ጋር በማለዳ የምትሮጪው አሁን የጠየቅሽኝን እሱም ራሱን ይጠይቅ ነበር፦ ክረምት ሲገባ፣ ጭቃው ጫማ ሲይዝ፣ ያን ሁሉ ረጅም መንገድ ለመሮጥ ሰው ብርታት ከየት ያመጣል?

ይህ ሯጭ አንድ ጓደኛ ነበረው። ጓደኛው ገና ሳይነጋ እየመጣ መስኮቱን በጣቱ ቆርቆር ያደርጋል።

«ተነሳህ?»

«ተነሳሁ።»

ከዚያ ተከታትለው ወደ ጫካው ይወጣሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ፊት ይሆናል። ሁለቱም መስከረም ላይ ክለብ ለመግባት ይወዳደራሉ። ለጓደኛው ግን የመጨረሻው ዕድል ነበር፤ አባቱ «ዘንድሮም ካልሆነልህ ተመልሰህ እረስ» ብለውታል።

ሯጩ ጓደኛውን ያከብረዋል፤ ትንሽም ይቀናበታል። «ይሄ ሰው ብረት ነው፤ ብርድ አያውቅም» ይል ነበር። ሞኝ! ብርድ የማያውቅ ሰው የት አለ?

አንድ ማለዳ የነሐሴ ዶፍ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መስኮቱ ተንኳኳ። ሯጩ ነቅቷል፤ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ትንፋሹን ዋጠ።

«ኧረ ተነሳ፣ ወንድሜ» አለ ጓደኛው። እዚያው ዝናቡ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ደግሞ አንኳኳ። በመጨረሻ የእግሩ ድምፅ በጭቃው ውስጥ ራቀ። ሯጩም «ብቻውን ይወጣዋል፤ እሱ ምን ይሆናል» ብሎ ተኛ።

በእነሱ ዘንድ ደግሞ ወግ አለ፤ ዛሬ የቀረ ሰው ነገ ቀስቃሹ እሱ ነው። ሯጩ ይህን ያውቃል። በማግስቱ ግን አፈረ። ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ አለ። በሦስተኛው ቀን ማፈሩ ኩራት ሆነ፤ «ከፈለገኝ ይምጣ» አለ። ጓደኛው አልመጣም። ሯጩ አንዴ ብቻውን ወጥቶ ከመጀመሪያው ዳገት ተመለሰ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የሚያስከትለውም የለም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጓደኛውን ናፈቀና ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቲቱ ልብስ ስታጥብ አገኛት።

«አገሩ ገባ እኮ» አለችው። «አልነገረህም?»

«ምን ሆኖ? እንደዚያ ብርቱ ሰው?»

ሴትዮዋ እጇን ከተዘፈዘፈው ልብስ አወጣች። «የምን ብርቱ! በየማለዳው ብርዱን እየረገመ ነበር የሚወጣው። 'ያ ልጅ እየጠበቀኝ ባይሆን ከአልጋዬ አልወርድም' ይለኝ ነበር። በዚያ ዶፍ ቀን በስብሶ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ ጫማውን አስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። 'ተራው የእሱ ነው፣ ይመጣል' እያለ ፀሐይ ይወጣበታል። ደጅ ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሳል። በኋላ ጫማውን ፈታና ሻንጣውን አሰረ።»

ሯጩ እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ አለቀሰ። ማልቀሱ ለጓደኛው ምንም አልጠቀመውም፤ እሱ በዚያ ሰዓት እርፍ ጨብጧል። መስከረም ጠባ፤ ከሁለቱ አንዱም ክለብ አልገባም።

እንግዲህ ልጄ፣ ብርታት ከየት ይመጣል ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። ማንም በራሱ ጎተራ የሚበቃውን ያህል አላከማቸም። አንቺን ለመቀስቀስ ያቺ ጓደኛሽ በዝናብ የምትመጣው ካንቺ ስለበረታች አይምሰልሽ። እሷም እንዳንቺው ብርድ ልብሷን እያየች፣ አንቺ አለሽ ብላ ነው የወጣችው። አንቺ በእሷ ትነሻለሽ፣ እሷ ባንቺ። አንድ ቀን ቢያቅትሽ አይፈረድብሽም፤ ሰው ነሽ። ብቻ ዝም አትበያት። እየተንቀጠቀጥሽም ቢሆን መስኮቱን ክፈቺና «አለሁ» በያት።