በኩላብ ልክ የተቆረጠ ማንገቻ

ሸክም የከበደው አንድ ወጣት ነበረ። የቆሎ ተማሪ ነው። የኔታ እሱንና አብሮት የሚማረውን ጓደኛውን አንዳንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር አሸክመው፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወደሚገኝ ደብር ላኳቸው።

ገና ረፋዱ ላይ ወጣቱን ወገቡ ቁርጥ ቁርጥ ይለው ጀመር። ማኅደሩ መቀመጫው ላይ ወርዶ በየእርምጃው ይደልቀዋል፤ እሱም አጎንብሶ፣ አንገቱን አስግጎ ይሄዳል። ጓደኛው ግን ቀጥ ብሎ፣ ዜማውን እያንጎራጎረ ከፊት ከፊት ይራመዳል። «ይሄ ነገር ጤና የለውም» አለ ወጣቱ በልቡ።

ከዚያ ወዲያ ዐይኑን ከጓደኛው ላይ አልነቀለም። ጠዋት ውሃ ልጠጣ ስሄድ ማኅደሬ አጠገብ ማን ቀረ? እሱ። ባለፈው ሳምንት የኔታ እኔን ሲያመሰግኑ ፊቱ የጠቆረው ማን ነው? እሱ። ጓደኛው ዘወር ብሎ «ደከመህ እንዴ? ላግዝህ?» ሲለው ደግሞ ጥርጣሬው ጭራሽ እርግጥ ሆነ። እጁ ንጹሕ ቢሆን ምን አሳዘነው? የቆረሰለትን ዳቦ እንኳ አገላብጦ አይቶ መለሰለት።

ወንዝ ዳር ሲደርሱ መንገደኞች አረፍ ብለው አገኙ። ወጣቱ በሰዎቹ ፊት ሸክሙን አውርዶ «አንተ ምቀኛ፣ ድንጋይ ጨምረህብኛል! በል እንለዋወጥ!» አለ። የጓደኛው ፊት ልውጥ አለ። ማኅደሩን አውልቆ ሰጠው። ወጣቱ ሲያነግተው እውነትም ቀለለው።

«አያችሁ? ምን አልኩ!» ብሎ ወደ መንገደኞቹ ጮኸ።

ጓደኛው ያንን ከባድ የተባለውን ማኅደር አነሣ፣ ማንገቻውን ቋጥሮ አሳጠረ፣ ከፍ አድርጎ ጀርባው ላይ አጣበቀውና ቀጥ ብሎ ወንዙን ተሻገረ።

ወጣቱ እጁን ደረቱ ላይ ወዳለው ማንገቻ ሰደደ። እዚያም ቋጠሮ አለ። የማኅደር ማንገቻ የሚረዝመው መጽሐፉ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ በተተከለ ኩላብ እንዲንጠለጠል ነው፤ ጓደኛው የራሱን ጠዋት መንገድ ሳይጀምሩ አሳጥሮታል፣ ወጣቱ ግን የእሱን ከግድግዳ እንዳወረደው አንግቶታል። አፈረ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ይቅርም ተባለ። ወገቡም በማግሥቱ ተሻለው። ጓደኛው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ላግዝህ?» ብሎት አያውቅም።

አንቺም ልጄ፣ «ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ትከሻዬንና ወገቤን የሚያመኝ የዶርም ጓደኛዬ ዐይን ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ወደዚህ ስትገቢ ቦርሳሽን አይቼዋለሁ። ላፕቶፕሽን ይዞ በአንድ ትከሻሽ ብቻ ተንጠልጥሎ መቀመጫሽ ላይ ይወዛወዛል። ማንገቻው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ እንዳየሽው እንደ ረዘመ ነው፤ ለጀርባሽ ማን ለካው? በሁለቱም ትከሻሽ አንግቺው፣ ሳብ አድርገሽ አሳጥሪው፣ ጀርባሽ ላይ ይጣበቅ። ከዚያም ሕመሙ ካልተወሽ ሐኪም ይይሽ። ስለ ዶርም ጓደኛሽ ያሰብሽውን ግን ለሰው ተናግረሻል? ካልተናገርሽ ገና ወንዙ ዳር አልደረስሽም።