ሲስተሙ ቶሎ የተከፈተ ዕለት

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ የወረዳ ኃላፊ ነበሩ። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተራቸውን ያበሩና «ሲስተሙ እስኪከፈት ታገሡ» ብለው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። ዕቃው እውነትም አሮጌ ስለነበር፣ ሻያቸውን ደግመው ሲመለሱ እንኳ ገና እያዛጋ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ቀን ከበላይ አካል ኤስኤስዲ የሚሉት ፈጣን ዲስክ ተላከና፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ አንዲት የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራች። ኃላፊው ወረፋ በያዘው ሕዝብ ፊት፣ «አሮጌው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገልበጥ። አንድ ነገር ቢጎድል ከዚህ ግቢ አትወጪም!» አሏት።

እሷም ዊንዶውሱንም፣ ፋይሉንም፣ እሳቸው ሪባን ሲቆርጡ የተነሱትን ፎቶ ሳይቀር ገለበጠችና ኮምፒውተሩን አበራችው። ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ኮታቸውን አንስተው በሩ ጋ ሳይደርሱ ሲስተሙ ተከፈተ። ባለጉዳዩ ሁሉ ሰነዱን ይዞ ከአግዳሚው ብድግ አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ከበሩ ተመለሱ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«እንዳለ ይገልበጥ አላልኩም? ድሮ እንዲህ አልነበረም! የጎደለ ነገር አለ። ምን እንደጎደለ እዚሁ ሕዝቡ ፊት ትናገሪያለሽ!»

ሴትዮዋ ካቻቪቴዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ጋሼ፣ ከፋይሉ ምንም አልጎደለም» አለቻቸው። «የጎደለብዎት ረዳት ነው። ድሮ ይሄን ሕዝብ የምታጉላሉት ለሁለት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ብቻዎን ነዎት።»