የጃርት ሰልፍ

ተረት መጣች፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል!

እንስሳት ሁሉ በሚጠጡበት ምንጭ ላይ አንድ ዓመት ጅብ፣ አንድ ዓመት ነብር ይሾም ነበር። ጅብ ሲሾም አህያ ያልቃል፣ ነብር ሲሾም ፍየል። ምርጫው በሰልፍ ነው፤ እንስሳቱ ከሚፈልጉት ኋላ ይቆማሉ።

ዘንድሮ ጃርት «እኔም እወዳደራለሁ» አለ።

ፍየል ጠጋ ብላ፣ «ልቤ ካንተ ጋር ነው፤ ግን ብቻዬን ካንተ ኋላ ቆሜ ምን ላመጣ?» አለችው። አህያም ይህንኑ አለችው።

ጃርት ፈገግ አለ። «እንግዲያስ ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍን። ተወዳዳሪዎች ድምፅ እናሰማ፤ እናንተ ወደምትፈልጉት ድምፅ ሂዱ።»

ጅብና ነብር በሳቅ ፈረሱ፤ ተስማሙ።

ጅብ ጮኸ፣ ነብር አገሳ፣ ጃርት እሾሁን አንሿሿ። ነብር ቀስ ብሎ አጮለቀ፤ ከኋላው ዝንብ እንኳ የለም።

«ግለጡ!» ሲባል የጃርት ሰልፍ ኮረብታውን ዞሮ ነበር። ከጅብ ኋላም አንድ ደጋፊ ተገኘ፤ ነብር።