እመት ጃርት ድሪቶ ልትማር የሄደች ጊዜ

ኑ ቅረቡ፣ ተረት ልንገራችሁ! እንቅልፍ የያዘው ወደ ጓዳ ይግባ፤ ይቺን ተረት ሳወራ ደሜ ስለሚፈላ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልችልም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ በሚያወራበት፣ ጨርቅም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት እመት ጃርት ነበረች። ክረምቱ ደርሷል፤ ጉድጓዷ ውሃ ያስገባል፤ ልጇ ከአሁኑ ማሳል ጀምሯል። ድሪቶ ልትሰፋለት ፈለገች፤ ስፌት ግን አታውቅም። ያላትም አንድ ወፍራም የቡልኮ ቁራጭና ጥቂት ብጥስጣሽ ጨርቅ ነው።

ከወንዙ ማዶ የድሪቶ ሰፊዎች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ አለቃ እመት ጦጣ ዛፍ ላይ ወጥታ ተጣራች።

«ኑ ተማሩ! እዚህ መለኪያ የለም፣ ናሙና የለም! ሁሉም እንደ ልቡ ይሰፋል!»

እመት ጃርት ደስ ብሏት ሄደች። ከጥንቸል አጠገብ ተቀመጠች። ከገላዋ አንድ እሾህ ነቅላ መርፌ አደረገች። ቡልኮውን አጥፋ መሀል ላይ አኖረች፤ ብጥስጣሹን በዙሪያው ሰፋች።

እመት ጦጣ መጥታ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ መሀሉ ላይ ያበጠው ምንድን ነው?»

«ቡልኮ ነው እትዬ። ልጄ እሾህ አለው፤ ስስ ጨርቅ ሲገላበጥ ይቀደድበታል።»

«አያምርም! መሀሉ ቀይ ስስ ጨርቅ፣ ዳሩ ቢጫ፤ ልክ እንደ እኔ! አያ መቀስ!» ብላ መቀሷን ጠራች።

«አቤት እመቤቴ! ልተርትረው?»

«ተርትረው!»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ተረተረው።

«እንደ ልባችሁ ብለው አልነበረም እንዴ?» አለች እመት ጃርት።

«እንደ ልባችሁ ማለት እንደዚህ ማለት አይደለም» አለች እመት ጦጣ።

እመት ጃርት በገነች። ግን ልጇ ያስላል፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ በማግስቱ ተመለሰች። ቡልኮውን እንደገና መሀል ላይ ሰፋች። «ልተርትረው?» አለ መቀስ። «ተርትረው!» አለች ጦጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ያን ጊዜ እመት ጃርት ዙሪያዋን አየች። የሁሉም ድሪቶ መሀሉ ቀይ፣ ዳሩ ቢጫ ነው።

«አንቺ፣ ቀይ ትወጃለሽ?» ብላ ጥንቸልን ጠየቀቻት።

«ኧረ ዓይኑን አያሳየኝ!» አለች ጥንቸል በሹክሹክታ። «ሲተረተርብኝ ታከተኝና ተውኩት። መንገደኛው ሁሉ ‹የጦጣ እጅ ሥራ ነው› ሲል እሷ ትኮራለች።»

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። እመት ጃርት ልጇን ይዛ ሄደች። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚለብሰው የለም።

«እስቲ የኔን ይልበስና እዪው!» አለች እመት ጦጣ፤ ቀዩን ድሪቶዋን ጣል አደረገችበት።

ልጁ አንዴ ተገላበጠ። ጨርርር! ድሪቶው ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ።

ታዲያ እመት ጦጣ ልጁን አየችው? አላየችውም! «ድሪቶዬን! ይሄ ባለጌ ድሪቶዬን!» ብላ ቅዳጁን ከላዩ ገፈፈችው።

እትዬ ማለት እዚያ ላይ አበቃ። የእመት ጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ።

«አንቺ! ልጄን እርቃኑን ለዝናብ ሰጠሽው! ገላውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

«አያ መቀስ፣ ያንን ቡልኮ ቁረጠው!» ብላ ጮኸች ጦጣ።

«እስቲ ይንካኝ!» አለ ቡልኮው።

መቀስ የቆመውን እሾህ አየና አፉን ገጠመ። ጦጣ ራሷ ቡልኮውን ልትነጥቅ እጇን ሰደደች፤ እሾህ መዳፏ ላይ ተሰካ። እያለቀሰች ዛፏ ላይ ወጣች።

እመት ጃርት ቁጭ ብላ ሰፋች። በንዴት እየተቻኮለች ስለሰፋች ስፌቱ ተንጋደደ፤ ግድም አልሰጣት። ጥንቸል የራሷን ቀይ ጨርቅ ወርውራ መጣችና ዳሩን ያዘችላት። ድሪቶውም አለቀ። ልጁ ለብሶት ወደ ቀኝ ተገላበጠ፣ ወደ ግራ ተገላበጠ፤ አልተቀደደም።

ሳሉ ግን ክረምቱን ሙሉ አለቀቀውም። ባሳለ ቁጥር እናቱ ዝም ብላ የታገሰችባቸውን ቀኖች እያሰበች ትንገበገብ ነበር።

ተረቴ አለቀ፤ ንዴቴ ግን አላለቀም። እናንተም «እንደ ልባችሁ» ብሎ ጠርቶ የሰፋችሁትን የሚተረትር ካጋጠማችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ተቆጡ። በሦስተኛው ቀን የመጣ ቁጣ ለልጅ አይደርስም።